የሁለተኛው እሑድ ደብዳቤ

ሌላ ሴት ልታገባ ስትል ቀሚስ ትለካለች፤ እኔ እጮኛዬን መመርመር ያዝኩ። አትፍረዱብኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሌባና የአጭበርባሪ ቃል ስቀበል ኖሬ፣ ሰው «እንዴት አደርሽ?» ሲለኝ እንኳ ምን ፈልጎ ይሆን የምል ሴት ሆኜ ቀርቻለሁ። ስሜ ኑኃሚን ነው። አርባ ምንጭ ውስጥ የወንጀል መርማሪ ነኝ፤ ማዕረጌ ኢንስፔክተር። ባሌ ካረፈ ስድስት ዓመት አልፎታል። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ዕድላዊትና ታናሽ ወንድሜ ዕዝራ ሴቻ ሰፈር በተከራየሁት ቤት አብረውኝ ይኖራሉ። ዕዝራ ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትውል የሰው ባጃጅ ይነዳል፤ ከዚያ በኋላ ግን የእናትነቱን ሥራ የሚሠራልኝ እሱ ነው። ይመልሳታል፣ ያበላታል፣ ፀጉሯን ሳይቀር ይጎነጉንላታል። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አንድ ቀን ሲያጉረመርም ሰምቼው አላውቅም። እኔም ደንብ አድርጌው ኖርኩ።

እጮኛዬ ታዴዎስ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ላንቴ ሙዝ ያመርታል። የተዋወቅነው በሥራ ነው። አምና በአንድ የድብደባ ጉዳይ ምስክር አድርጌ ጠርቼው፣ ግማሽ ቀን ሙሉ በጥያቄ ሳጣድፈው ድምፁን ከፍ እንኳ አላደረገም። ያየውን ነገረኝ፤ ላላየው ነገር ግን «ያላየሁትን ከየት ላምጣልሽ?» አለኝ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ አየኝ። አስተያየቱ ምኑ እንደሆነ እስካሁን አላውቀውም፤ በቃ ሆዴ ገባ። ከዚያ ወዲያ ወረቀት ላይ እየጻፈ በሙዝ ጫኞች እጅ ይልክልኝ ጀመር። ስልክ እያለው ነው እንግዲህ። «ስልክ ላይ ስታወሪ መርማሪ ትሆኛለሽ» ይለኛል።

የእኔ ዘመዶች «ዲግሪ ይዘሽ ለገበሬ?» ብለው አፋቸውን ያዙ። የእሱ እናት ወይዘሮ ወለቴ ደግሞ በተራቸው፣ ልጅ ያላት ይሁን፣ ደሞዝተኛ ይሁን፣ ሽጉጥ የምትታጠቅ ምራት ግን እንዴት አድርጌ ቤቴ አስገባለሁ ብለው ወር ሙሉ ተጨነቁ። እሳቸውን እሺ ለማሰኘት ታዴዎስ ስንት ምሽት እንደለመነ እኔ ነኝ የማውቀው።

በቤተ ክርስቲያናችን ሊጋቡ ያሰቡ ሰዎች ስም ሦስት እሑድ በጉባኤው ፊት ይነበባል። ተቃውሞ ያለው ለሽማግሌዎች ያመለክታል፤ እስከ ሦስተኛው እሑድ ዝም ከተባለ መጋባት ነው። ሁለተኛው እሑድ በሰላም አለፈ ብዬ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አቶ አጵሎስ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው በሬ ላይ ቆመዋል። ፊታቸውን ሳይ የሆነ ነገር እንዳለ ገባኝ። አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ሰጡኝና ከእሳቸው በቀር ማንም እንዳላነበበው ነገሩኝ። መስዋዕት መሰብሰቢያው ውስጥ ነው የተገኘው።

«ታዴዎስ ጋብቻ የሚገባው ሰው አይደለም። ከጫኖ የተሰረቀው የአቶ ኦይታ ፓምፕ ከሙዝ መጋዘኑ ጀርባ በሸራ ተሸፍኖ ይገኛል። መርማሪዋ ካላመነች ሄዳ ትይ።»

አቶ ኦይታን አውቃቸዋለሁ፤ ከላንቴ አጠገብ ያለችው የጫኖ ገበሬ ናቸው፤ ጉዳዩን የያዝኩት እኔ ነኝ። የውሃ መሳቢያ ፓምፓቸው ከተሰረቀ ሁለት ወር ሆኖታል፤ ሙዛቸው ደርቋል። አዛውንቱ ማክሰኞ ማክሰኞ እየመጡ ከቢሮዬ ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ምንም አይጠይቁኝም። ተቀምጠው፣ አይተውኝ ይሄዳሉ።

ደብዳቤው ከተማሪ ደብተር በተገነጠለ ወረቀት ላይ፣ ሆን ተብሎ በተንጋደደ ጽሑፍ የተጻፈ ነው። ደንቡ ወዲያው ለአዛዤ ማስረከብ ነበር። እኔ ግን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ማስረጃ የደበቀ ፖሊስ ስንቴ ስሰድብ ኖሬ እኔው ራሴ ደብቄ አረፍኩት።

ማክሰኞ ታዴዎስ ሙዝ ሊያስጭን ከተማ ገብቶ ነበር፤ ሲቀላ ሰፈር አሣ ልንበላ ተገናኘን። እንደ ወትሮው እሾሁን እየለየ ወደ እኔ በኩል ገፋው። እኔ ደግሞ እሱ አሣውን ሲያይ እሱን አያለሁ። ለካ ላለፉት ሦስት ሳምንታት የሆነ ነገር ሆኗል። ቤቴ ለእራት ሲመጣ ቶሎ ይነሳል፤ ያ ከዕድላዊት ጋር የሚቀልደው ሰውዬ ዓይኑን ከሳህኑ አያነሳም። ያን ጊዜ ድካም መስሎኝ ነበር። አሁን አንድ በአንድ እየለቀምኩ ደረደርኩት።

መጋዘኑን አስፋፍቶ እንደሆነ እንደ ቀላል ነገር ጠየቅኩት። እጁ አየር ላይ ቆመ። ማን እንደነገረኝ ጠየቀ፤ እንዲሁ ሰማሁ አልኩት። ቅዳሜ ላንቴ ልምጣ ስለው እንደማይመቸው፣ የሰፈር ሽማግሌዎች ለአንድ ጉዳይ እንደሚሰበሰቡ ነገረኝ። የምን ጉዳይ እንደሆነ ሳይነግረኝ ውሃውን አነሳና ጠጣ። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀምጦ ትክ ብሎ አየኝ።

«ኑኃ፣ የምትጠይቂኝ ነገር ካለ ጠይቂኝ።»

እዚያው መጠየቅ ነበረብኝ። ወረቀቱ እኮ ጉልበቴ ላይ ባስቀመጥኩት ቦርሳ ውስጥ ነው። እኔ ግን ተጠርጣሪን ሳታስጠነቅቅ ያዘው ተብዬ የተማርኩ ሰው ነኝ። ሳቅኩና «ምን እጠይቅሃለሁ?» አልኩት። እሱ አልሳቀም። አሣውን ሳንጨርስ ተነሣን፤ መንገዱን ሙሉ እያፈቀርኩት ስጠረጥረው፣ እየጠረጠርኩት ሳፈቅረው ቤቴ ደረስኩ።

ረቡዕ ጠዋት ደብዳቤውን ለአዛዤ ለኮማንደር ወልደ ሚካኤል አስረከብኩ። ስሙን ሲያነብ «እጮኛሽ አይደለም እንዴ?» አለኝ። ነው አልኩት። ብርበራውን ዋና ሳጅን ፀዳለ እንድትመራው፣ እኔ ቢሮ እንድቀር አዘዘ። ፀዳለ ከእኔ በስምንት ዓመት የምታንስ፣ ነገር የማያመልጣት የሥራ ባልደረባዬ ናት። የፍርድ ቤቱን ትዕዛዝ ይዛ መኪና ውስጥ ስትገባ፣ እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ ከኋላ ተቀምጬ ጠበቅኳት። አየችኝና በሩን ዘጋችው።

ፓምፑ የተባለው ቦታ ነበር፤ በሸራ ተሸፍኖ፣ የአቶ ኦይታ ስም በቀለም እንደተጻፈበት። ታዴዎስ ገጀራውን እንደያዘ ከሙዙ መሀል ወጣ። እኛን ሲያይ ገጀራውን መሬት ላይ አስቀመጠው። ፀዳለ ዕቃው የማን እንደሆነ ጠየቀችው፤ የአቶ ኦይታ ነው አለ፣ ሳያመነታ። ማን እንዳመጣው ስትጠይቀው ዝም አለ። ደግማ ጠየቀችው። አሁንም ዝም። ያኔ ትዕግሥቴ አለቀና ከኋላ ወጥቼ ፊቱ ቆምኩ።

«ማን ነው ያመጣው?»

«አሁን ነው የምትጠይቂኝ?» አለኝ።

ድምፁ ውስጥ ቁጣ ቢኖር ደግ ነበር። አልነበረም። ሁለቱን እጆቹን ዘረጋልኝ። ፀዳለ ልትቀድመኝ ስትል ካቴናውን ከእጇ ነጠቅኩና እኔው ራሴ አሰርኩት። የተከዳች ሴት ይመስለኛል እንጂ ፖሊስ አልነበረችም ያሰረችው።

ወይዘሮ ወለቴ ግርግሩን ሰምተው ወጡ። ይራገማሉ ብዬ ራሴን አዘጋጀሁ። አልተራገሙም። የልጃቸውን እጅ አዩ፣ እኔን አዩ።

«እኔ እኮ የፈራሁት ሽጉጡን ብቻ ነበር» አሉ።

ላንቴን ለቀን ጫኖን አለፍን። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ተቀምጠናል፤ የአንገቱን ጀርባ እያየሁ ነው የመጣሁት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፀዳለ ታዴዎስ ከታሰረበት ክፍል የላከልኝን ቁራጭ ወረቀት አመጣችልኝ። ስድብ ቢሆን፣ ልመና ቢሆን፣ ለሁለቱም መልስ ይዤ ነበር። «ኑኃ፣ እናቴ የደም ግፊት መድኃኒቷን መውሰድ ትረሳለች። መስኮቱ ላይ ነው ያለው። በሆነ ሰው በኩል አስታውሺልኝ» ይላል። ሌላ ምንም የለውም። ሦስቴ አነበብኩት። ሌባ እንዲህ ብሎ ይጽፋል ወይ አልኩ፤ ደግሞ ተመልሼ፣ አታላይ ከሆነ እኮ እንዲህ ብሎ ነው የሚጽፈው አልኩ። አያችሁ በሽታዬን።

ፀዳለ አልሄደችም። የጥቆማውን ደብዳቤ ይዛ መስኮቱ አጠገብ ቆማለች። ወረቀቱን አጋደለችና እርሳስ አንስታ ጎን ጎኑን በቀስታ ማጥቆር ጀመረች። ከዚህ ወረቀት በላይ የነበረው ገጽ ላይ አንድ ልጅ እርሳሱን እየተጫነ ጽፏል፤ የጽሑፉ ስርጉድ ታች ወርዷል። እሷ የወጣውን ስታነብ ድምፅዋ እየቀነሰ ሄደ።

«እናቴ ፖሊስ ናት። እናቴ ሌባ ትይዛለች። አጎቴ ፀጉሬን ይሠራልኛል። አጎቴ እራት…»

አቋረጠች። ዓይኗን ከወረቀቱ አላነሳችም፤ እኔን ላለማየት ነው።

ሁለት ቀን ሙሉ ያን ወረቀት አገላብጬዋለሁ። በብርሃን አይቼዋለሁ፣ አሽትቼዋለሁ፣ ጠርዙን በጣቴ ዳብሼዋለሁ። የወለድኳት ልጅ የእጅ ጽሑፍ ከሥሩ ተኝቶ ነበር፤ ቢወጣም የሷ መሆኑን የማውቀው በቃሉ እንጂ በፊደሉ አይደለም። ደብተሯን ከፍቼ አላውቅማ። የወላጅ ፊርማ ሲጠየቅ እንኳ በእኔ ስም የሚፈርመው ዕዝራ ነው። ፀዳለ ዕዝራን እሷ ትጠራው እንደሆነ ጠየቀችኝ። አንድ ሰዓት ስጪኝ አልኳት። ሰጠችኝ።

ቤት ስደርስ ሁለቱም በረንዳው ላይ ናቸው። ዕድላዊት በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ዕዝራ ከኋላዋ ቆሞ ፀጉሯን ይጎነጉናል። ግማሹ አልቋል። በቀን መምጣቴ ገርሟት ዘላ አቀፈችኝ። ከሱቅ ሳሙና እንድታመጣ ላክኋትና ወረቀቱን ዘረጋሁለት። ማበጠሪያው ከእጁ ወደቀ።

ምንም ሳልጠይቀው ተናገረ። ፓምፑን የሰረቀው እሱ ነው፤ በሚነዳው ባጃጅ ጭኖ ወሰደው። ሸጦ ለራሱ ባጃጅ መነሻ ሊያደርገው ነበር። ግን ምሳዬን ሊያደርስ ቢሮ ሲመጣ፣ አቶ ኦይታን አግዳሚው ላይ አየ። በሌላኛውም ማክሰኞ አየ። አልቻለም፤ የአካባቢውን ጉዳይ ወደሚያዩት የላንቴ ሽማግሌዎች ሄዶ ልመልሰው አላቸው።

በእነሱ ዘንድ የተወሰደ ዕቃ በሽማግሌ በኩል ሲመለስ፣ እርቁ እስኪያልቅ በሦስተኛ ሰው እጅ ይቆያል። ያ ሰው፣ አጥፊው ራሱ በሕዝብ ፊት ቆሞ እስኪናገር ድረስ ስሙን አያወጣም። ሽማግሌዎቹ አፉ የታመነ ነው ብለው ለዚህ የሚመርጡት ሁልጊዜ ታዴዎስን ነው። ዕዝራ ፓምፑን ጭኖ በተባለው ቤት ሲደርስ፣ በሩን የከፈተለት ያ እኔ ጋ እራት የሚበላው ሰውዬ ሆነ። ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዱ እርጥብ ሣር ይዘህ ማል ሲሉት ታዴዎስ እምነቴ አይፈቅድም፣ አልናገርም ካልኩ ግን አልናገርም አላቸው። ዕዝራ በሕዝብ ፊት ሊቆም የተቀጠረው ለፊታችን ቅዳሜ ነው።

«ታዲያ ደብዳቤውን ለምን ጻፍክ?» አልኩት።

«እየመጣ እራት ላይ ፊት ለፊቴ ይቀመጣል። አይናገረኝም፣ አያሳቅቀኝም፤ ዓይኑን ሰብሮ ይበላል። እሱ ሲያፍርልኝ አልቻልኩም። ወይ ትጣሉና ጋብቻው ይቀራል፣ ወይ ትጠይቂዋለሽ ይነግርሽና እገላገላለሁ ብዬ ነው።» ጉንጩን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «ሳትጠይቂ ታስሪዋለሽ ብዬ አላሰብኩም።»

መጀመሪያውኑ ለምን ሰረቅክ አልኩት፤ ይሄን እንኳ አልጠየቅኩም ነበርና።

«ልታገቢ ነው ተባለ። ላንቴ ልትገቢ ነው ተባለ። ዕድላዊት አብራሽ ልትሄድ ነው ተባለ። እኔ የት እንደምገባ ማንም አልጠየቀኝም፣ ኑኃሚን።»

እጄ ለጥፊ ተነሥቶ ነበር፤ ወረደ። ስድስት ዓመት ልጄን ያሳደገልኝ ሰው ነው። ሌባም ነው። ሁለቱም አንድ ሰው ላይ ናቸው፤ እኔ ደግሞ ለሁለቱም እህቱ ነኝ። ዕድላዊት ሳሙናውን ይዛ ስትመለስ ሁለታችንንም አየች። በርጩማዋ ላይ እንድትቀመጥ ነገርኳት።

«ጨርስላት» አልኩት።

ማበጠሪያውን አነሣ። የቀረውን ግማሽ ጎነጎነላት፤ እንዳያማት አላጠበቀባትም። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየሁ። ስንት ጊዜ ሲሠራ የኖረውን ነገር ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ሲጨርስ ልጅቷን ለጎረቤት ሰጥተን፣ ያለ ካቴና፣ ጎን ለጎን እየሄድን ጣቢያ ደረስን። ለፀዳለ አስረከብኩትና ወደ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ዓርብ ጠዋት አምስት የላንቴ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ጣቢያው በር ላይ ቆሙ። በጋሞ ባህል፣ ሽማግሌ ሣር ይዞ ሲቆም ዝም ብሎ አይታለፍም፤ ኮማንደሩ ራሱ ወጥቶ ሰማቸው። አጥፊው በራሱ አንደበት ተናግሯልና እኛም መናገር እንችላለን አሉ፤ ነገሩን ሁሉ አስረዱ። አቶ ኦይታ ፓምፓቸውን ተረከቡ። ዕዝራ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ጉዳዩ ከእኔ እጅ ወጥቷል። ታዴዎስ ተለቀቀ። በሩ ላይ ስጠብቀው የካቴናው ምልክት አንጓው ላይ ነበር። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት፣ ዕድላዊትን ዛሬ ከትምህርት ቤት ማን እንደሚያመጣት ጠየቀኝ። እኔ ነኝ አልኩት። ጭንቅላቱን ነቀነቀና እሑድ እንገናኝ ብሎኝ ሄደ።

እሑድ ከጉባኤው በፊት ሽማግሌዎች ክፍል ውስጥ ተጠራን። ወይዘሮ ወለቴ ነጠላቸውን ተከናንበው ጥግ ተቀምጠዋል። ያደርኩት ሳልተኛ ነው፤ ይተወኛል ብዬ ፈርቻለሁ፤ ቢተወኝ ደግሞ ምን ብዬ እሟገታለሁ? አቶ አጵሎስ የደብዳቤው ተቃውሞ ሐሰት ሆኖ መገኘቱን ተናገሩ። ከዚያ ስማችንን ለሦስተኛ ጊዜ ከማንበባቸው በፊት ከሁለታችን ተቃውሞ ያለው እንዳለ ጠየቁ። የለኝም አልኩ። ወደ እሱ ዞሩ።

«እኔ አለኝ» አለ ታዴዎስ።

አቶ አጵሎስ ሊያነቡት የያዙትን ወረቀት አስቀመጡ።

«በመጠርጠሯ አልተቀየምኩም» አለ፣ እኔን እያየ። «ሥራዋ ነው፤ ከጅምሩ እያወቅኩ ነው የወደድኳት። ግን እነሱን ሁሉ ትጠይቃለች። ሌባውን ትጠይቃለች፣ ምስክሩን ትጠይቃለች። እኔን አልጠየቀችኝም።»

«ብጠይቅህ ትነግረኝ ነበር?» አልኩት።

«አልነግርሽም ነበር። ግን አልነግርሽም እልሽ ነበር። አልዋሽሽም። ቀሪው የአንቺ ነበር።» ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ዘንድ የሰው ነገር ይቀመጣል፣ ኑኃ። ነገም ይቀመጣል። እንደዚህ ካለ ሰው ጋር መኖር የምትችይ ካልሆነ ዛሬ ይቅር።»

የማይሆንልኝ ነገር ይሄ ነው። ሰው ዝም ሲል ዝም የማይል ነገር ውስጤ አለ፤ እንጀራዬም እሱ ነው። ሽማግሌዎቹን ረሳኋቸው። እናቱን ረሳኋቸው። ሳምንት ሙሉ እሱ ሲጠብቀው የነበረውን ጥያቄ እዚያው ጠየቅኩት።

«ታዴዎስ፣ አሁን የምትደብቀኝ ነገር አለ?»

«አለ።»

«የማን ነው?»

«የኔ አይደለም። የሰው ነው። አልነግርሽም።»

ዓይኑን አየሁ። አልሸሸም፤ እዚያው ነው ያለው። ምንድን ነው? ወንጀል ነው? የማውቀው ሰው ነው? ጥያቄዎቹ ምላሴ ላይ ተደርድረው ተጋፉ። ሌላው ይቅርና እጄ ማስታወሻ ደብተሬን ፍለጋ ቦርሳዬ ላይ አረፈ። ወይዘሮ ወለቴ ነጠላቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አድርገው ሲጠብቁኝ አየሁ። እጄን ከቦርሳው ላይ አነሣሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ቃል የለም።

«እሺ» አልኩት።